የጃቫው ክሪስና ቅጂዎቹ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ክሪስ ስለሚባለው የጃቫ ጩቤ፣ በተለይም ከተረትና ከልብ ወለድ ተቀድተው ስለሚሠሩት ቅጂዎቹ ናቸው። ለማያውቀው፦ ክሪስ በሁለቱም ወገን የተሳለ መውጊያ ነው። ስለቱ ብዙውን ጊዜ ከ33 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ከእጀታው ሥር ወደ አንድ ጎን ሰፋ ይላል። ቀጥ ያለ አለ፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘም አለ። ዩኔስኮ የኢንዶኔዥያን ክሪስ በ2005 የሰው ልጅ ድንቅ ቅርስ ብሎ አወጀው፤ በ2008 ደግሞ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት «የኤምፑ ጋንድሪንግ ክሪስ ትክክለኛ ቅጂ» ተብሎ የሚሸጥ አየሁ። ወርቅ የተለበጠ ነው፤ 13 ጥምዝ አለው፤ እጀታው ላይ ዕንቁ ተሰክቶበታል። ከታሪኩ ጋር ይሄዳል? — ከአዳማ

መልስ፦ አይሄድም፤ እንዲያውም ይቃረናል። ታሪኩ የሚገኘው ፓራራቶን በተባለው የጃቫ ዜና መዋዕል ነው፤ ግማሹ ታሪክ፣ ግማሹ ተረት ነው። በ1222 የሲንጋሳሪን መንግሥት የመሠረተው ኬን አሮክ ገና ሽፍታ ቢጤ በነበረበት ጊዜ ሉሉምባንግ ወደሚኖረው አንጥረኛ ወደ ጋንድሪንግ ሄዶ ክሪስ ያዛል። (ኤምፑ የክሪስ ሠሪ ማዕረግ ነው።) አንጥረኛው የአንድ ዓመት ጊዜ ይጠይቃል፤ ኬን አሮክ በአምስት ወር ተመልሶ ይመጣል። ክሪሱ ገና በመሞረድ ላይ ነበር። ተናዶ ነጥቆ በዚያው ክሪስ አንጥረኛውን ወጋው። የድንጋዩን ገንዳ ቢመታበት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ መስፉንም ቢመታበት እንደዚያው ሆነ። ጋንድሪንግ ሊሞት ሲል ይህ ክሪስ ሰባት ነገሥታትን ይግደል ብሎ ረገመ።

እንግዲህ የዚህ ክሪስ ዋና ምልክቱ አለመጠናቀቁ ነው። ወርቅ የሚለበጠው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ወርቅ የለበሰ የጋንድሪንግ ክሪስ ተረቱን ያፈርሰዋል። ሁለተኛው ምልክት እጀታው ነው። ፓራራቶን እንደሚለው እጀታው ከቻንግክሪንግ እንጨት የተሠራ ሲሆን እሾሁ እንኳ አልተላገም ነበር። ኬቦ ኢጆ የተባለው ሹም ወድዶት ተውሶ በየቦታው ሲያሳየው ከረመ። ስለዚህ ኬን አሮክ ክሪሱን መልሶ ወስዶ ገዢውን ቱንጉል አመቱንግን በስውር ሲገድልበት፣ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በኬቦ ኢጆ ላይ ሆነ። ሸፍጡ የተሳካው እጀታው ዓይን ውስጥ የሚገባ ስለነበረ ነው። በዕንቁ ያጌጠ የሹም እጀታ ግን በየቤተ መንግሥቱ ሞልቷል።

ታማኝ ቅጂ የሚፈልግ እንዲህ ያድርግ። የስለቱን ቅርጽ ያውጣ፤ ግን በሻካራ ሞረድ ላይ ያቁመው፣ የሞረዱም መስመር ይታይ። ወርቅም ብርም አያስገባ። ለእጀታው ደስ የሚል አጋጣሚ አለ፦ ቻንግክሪንግ የእኛው ኮርች ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የዛፍ ወገን ናቸው። 4 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር የኮርች ቅርንጫፍ ቆርጠው ሁለቱን ጫፎች በሰም ይድፈኑ፤ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል። እሾሁን መዳፍ ከሚያርፍበት ወገን ብቻ ያንሱ። ኮርች ለስላሳ እንጨት ነው፤ የስለቱ ሽል (እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረት ጭራ) በቀጥታ ከገባበት ቀዳዳው በጥቂት ጊዜ ይሰፋል። ስለዚህ 15 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የወይራ ውታፍ አስቀድመው መሀሉ ላይ ያስገቡና ቀዳዳውን እሱ ላይ ይብሱ።

ጥምዙ ስንት ይሁን ለሚለው፣ ቀጥ ያለውም ሆነ ጥምዙ ተረቱን አይጎዳም። እኛ ግን ቀጥ ያለውን እንመርጣለን፤ ላላለቀ ሥራ ይስማማል።

ጥያቄ፦ የናጋሳስራን ክሪስ ቅጂ ማሠራት እፈልጋለሁ። አንዱ ሠሪ 12 ጥምዝ ይሁን ይላል፣ ሌላው 14። ቁጥሩ ለውጥ አለው? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁለቱም ተሳስተዋል። ጥምዙ በጃቫ ሉክ ይባላል፤ ቁጥሩ ምንጊዜም ጎደሎ ነው፦ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11፣ 13። ከ13 የሚያልፍ ካለ ከተለመደው የወጣ ተብሎ ካላዊጃ በሚል ስም ለብቻው ይመደባል። ጥንድ ቁጥር ያለው ክሪስ ለጃቫ ሰው ዓይን ስህተት እንጂ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ይያዙት። ከሥሩ፣ የዝሆን ኩምቢ የሚመስለው ጌጥ (ወይም የናጋው፣ የአፈ ታሪኩ እባብ፣ ራስ) ባለበት ወገን፣ መጀመሪያ ገባ ያለውን ቦታ በአውራ ጣት ይንኩ፤ አንድ። በተቃራኒው ወገን ቀጥሎ ገባ ያለው ሁለት ነው። እንዲህ እያፈራረቁ እስከ ጫፉ ይውጡ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው በአንድ ወገን ካልዋሉ አንዱ ተዘልሏል ማለት ነው። ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት የጫፉን ነው፤ በጣም ለዘብ ያለ ስለሆነ እንደ ቀጥታ ይታያቸዋል።

ትርጉሙን በተመለከተ፣ ቀጥ ያለው ክሪስ ያረፈ ናጋ፣ ጥምዙ የሚንቀሳቀስ ናጋ ነው ተብሎ ይታመናል። አምስቱ ሉክ ከአምስቱ የፓንዳዋ ወንድማማቾች (የማሃባራታ ተረት ጀግኖች) ጋር ይያያዛል። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ አንድ «ኃይል» ደርድረው የሚሸጡ ሰንጠረዦችን ግን ብዙም አይመኑ፤ ከቦታ ቦታና ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያሉ።

ናጋሳስራና ሳቡክ ኢንተን ሰፊ ዝና ያገኙት የዮግያካርታው ደራሲ ኤስ. ሃ. ሚንታርጃ በስማቸው በጻፈው ተከታታይ ልብ ወለድ ነው፤ ሁለቱም ግን በእውን ያሉ የክሪስ ዓይነቶች ናቸው። ናጋሳስራ ብዙ ጊዜ 13 ሉክ አለው። የናጋው ራስ ከሥሩ ይጀምራል፤ አካሉ ጥምዙን እየተከተለ ወደ ጫፉ ይሳባል። ሳቡክ ኢንተን 11 ሉክ ነው።

ሠሪዎን የሚያስቸግረው የናጋው ራስ ነው። ለብቻው ቀርጾ በብየዳ መለጠፍ ይቀላል፤ ነገር ግን የስለቱን ሥዕል ለማውጣት በአሲድ ሲነከር መጋጠሚያው ጥቁር መስመር ሆኖ ይጋለጣል። የናጋው ራስ ከስለቱ ብረት ከራሱ መቀረጽ አለበት። ለዚህም ሲቀጠቀጥ የሥሩ ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ይቅር፤ 8 ላይ ከወረደ አፍንጫውና ዘውዱ የሚወጣበት ሥጋ አይኖርም። ቅርፊቱን በተወለወለ ትንሽ መሮ ይምታ፤ ጠርዙ የተሳለ ከሆነ ብረቱን ይቆርጠዋል። ወርቁን በኤሌክትሪክ የሚለብጥ ከሆነ ከሥሩ የመዳብ ወይም የኒኬል ንጣፍ ያስፈልጋል፤ ወርቅ በቀጥታ ብረት ላይ ከተለበጠ ዝገት ከሥሩ ገፍቶ ያነሳዋል። አሲዱ ይቅደም፣ ወርቁ ይከተል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አሲዱ (ፌሪክ ክሎራይድ) የመዳቡን ንጣፍ ይበላና ወርቁ እንደ ቅርፊት ይረግፋል።

ጥያቄ፦ የብረት ሥራ ቤት አለኝ፤ የከሰል ምድጃ፣ የኤሌክትሪክ ወናፍና መስፍ አለኝ። ፓሞር ያለው ክሪስ ከጥሬው ለመሥራት ምን ላዘጋጅ? የባሌስትራ ብረት ይሆናል? — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ፓሞር ማለት በስለቱ ላይ ብርማ ሆኖ የሚታየው ሥዕል ነው። የሚገኘው ብረትንና ኒኬል ያለበትን ብረት በእሳት አጣብቆ፣ ደጋግሞ በማጠፍ ነው። በጥንት ጊዜ ኒኬሉ ከሱላዌሲው የሉዉ ብረት ይገኝ ነበር፤ በፕራምባናን አካባቢ ከወደቀው የሰማይ ድንጋይም ይወሰድ ነበር። የዚያ ድንጋይ ቁራጭ ዛሬም በሱራካርታ ቤተ መንግሥት ይጠበቃል። የዛሬ ሠሪዎች ግን ንጹሕ የኒኬል ሉህ ይጠቀማሉ፤ እርስዎም ያንኑ ያድርጉ።

ለአንድ ስለት መነሻ የሚሆነው፦ 40 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ 150 የሚረዝም፣ 8 የሚወፍር ተራ ለስላሳ ብረት ሁለት፤ በመካከላቸው በዚያው ስፋት 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ኒኬል። ጠቅላላው 800 ግራም ገደማ ነው። ያለቀው ስለት ከ300 ግራም ብዙም አይርቅም፤ ቀሪው በቅርፊትና በሞረድ ይሄዳል፤ ስለዚህ በዛ ብለው አይቀንሱት። ለልቡ ደግሞ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ጠንካራ ብረት ያስፈልጋል።

ባሌስትራ? እንደ ዓይነቱ ነው። ከምናለሽ ተራ የሚገኘው የመኪና ባሌስትራ ብዙው ክሮሚየም አለበት። ክሮሚየም ሲግል ቦራክስ በቀላሉ የማያሟሟው ቅርፊት ያበጃል፤ ከውጭ የተጣበቀ ይመስላል፣ ሲሞረድ ይከፈታል። ለቢላዋ ግሩም ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ያስቸግራል። ያረጀ ትልቅ ሞረድ ይሻላል፤ ካርቦኑ ከፍ ያለ ነው፣ በደንብም ይጣበቃል። ጥርሱን ግን አስቀድመው ፍቀው ያጥፉ፤ ካልጠፋ በየጥርሱ መሀል ቆሻሻ ይቀራል።

የሚጣበቁትን ፊቶች ሁሉ ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፍጉ፤ ሦስቱን ደርበው ዙሪያቸውን በብየዳ ነጠብ ነጠብ አድርገው ያስይዙ። ብርቱካንማ ሲሆን ቦራክስ ይነስንሱበት። ከዚያ ወደ ደማቅ ቢጫ፣ 1250 ዲግሪ ያህል፣ ይድረስ። የእሳት ፍንጣሪ መትፋት ከጀመረ ብረቱ እየተቃጠለ ነው፤ ወናፉን ይቀንሱ። የመጀመሪያዎቹ ምቶች ቀላልና ፈጣን ይሁኑ፤ ከመሀል ጀምረው ወደ ዳር፣ ቀልጦ ያለው ቦራክስ እንዲወጣ። ገና በመጀመሪያ በሙሉ ክንድ የመታ ሰው ሉሆቹን ያንሸራትታቸዋል፤ ቆሻሻውንም እዚያው ያስቀረዋል። መጣበቁን ለማወቅ ሲቀዘቅዝ ይዩት፦ ያልተጣበቀ ቦታ ካለ ላዩ ቀድሞ ይጠቁራል፣ ከሥሩ ሙቀት አይደርሰውምና። ያን ጊዜ ማጠፍ የለም፤ መልሶ በቦራክስ ማጋል ነው።

ሲጣበቅ በርዝመቱ ይሳቡት፣ በመሀል ከፍለው ይጠፉት፣ እንደገና ያጣብቁት። ኒኬሉ በአንድ እጥፋት ሁለት፣ በሁለት አራት፣ በአምስት 32፣ በስድስት 64 ድርብ ይሆናል። ብዙ ማጠፍ የጥበብ ምልክት ይመስላል፤ ለጀማሪ ግን 4 ወይም 5 ይበቃል። ከዚያ ካለፈ መስመሩ እየቀጠነ ከሩቅ ግራጫ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ እያንዳንዱ ማጋልም ብረት ይበላል።

ከዚህ በኋላ ለሁለት ይቁረጡት፤ ጠንካራውን ብረት መሀል አስገብተው እንደገና ያጣብቁ። ቀጥ ያለ ስለት አድርገው ይቀጥቅጡት። ከጫፉ ተቆርጦ የሚተርፈውን አይጣሉ፤ ጎንጆ የሚባለው የሥሩ ቁራጭ ከዚያው ከወጣ ፓሞሩ ይመሳሰላል።

ተራ የሆነው ፓሞር ቤራስ ዉታህ ነው፤ የተበተነ ሩዝ ይመስላል። እሱን ለማውጣት ንድፍ አያስፈልግም፤ ድርቦቹ ከስለቱ ፊት ጋር ትይዩ ሆነው ይተኙ። መዶሻው ያጎደጎደው፣ ሞረዱ ያስተካከለው ቦታ ድርቦቹን ይገልጣቸዋል። ዝናብ የሚመስሉ ክቦችን (ኡዳን ማስን) በመጀመሪያ ሥራ ባይሞክሩ ይሻላል። ክሪሱን በቅጥቀጣ እስከ መጨረሻው ቅርጽ ያቅርቡት፤ በሞረድ የሚነሣው ከእያንዳንዱ ፊት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሁን። በግራይንደር ቅርጽ ማውጣት የፈለገ ሰው ፓሞሩን ጨርሶ አንሥቶ መሀሉ ላይ ባዶ ጥቁር ብረት ያገኛል። በጀማሪዎች ሥራ አብዝተን የምናየው ጉድለት ይሄ ነው።

ጥምዙ የሚወጣው ስለቱ ቀጥ ብሎ ከተቀጠቀጠ በኋላ ነው። በየቦታው ትንሽ ትንሽ እያጋሉ በመስፉ ጠርዝ ላይ ይጎንብሱት። ጥምዝ ቁመት ይበላል፤ 13 ሉክ ያለው 36 ሴንቲ ሜትር ስለት ከፈለጉ ቀጥታው 38 ያህል ይሁን። ጥምዞቹ ከሥር ሰፋ፣ ወደ ጫፍ ጠበብ ይበሉ። በእኩል ርቀት የተደረደሩ ከሆነ ከፋብሪካ የወጣ መጋዝ ይመስላል።

ጎንጆው ለብቻው ተሠርቶ ስለቱ ሥር የሚገጥም ነው። የስለቱ ሽል፣ ፐሲ የሚባለው፣ ክብ ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፣ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በጎንጆው ቀዳዳ ያልፋል። መግጠሚያውን ለማስተካከል የስለቱን ሥር በኩራዝ ጥላሸት ይቀቡትና ጎንጆውን ገፍተው ያውጡ፤ ጥላሸት የነካው ቦታ ነው የሚሞረደው። ብርሃን ላይ ሲያዩት ክፍተት ካልታየ አልቋል። በማጣበቂያ የተሞላ ክፍተት በአሲድ ሲነከር ነጭ ሆኖ ይታያል።

ማጠንከር ይፈልጋሉ? ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ቅጂ ቢቀር ይሻላል፤ በመጨረሻዋ ሰዓት የሚሰነጠቀው ብዙ ነው። ካጠነከሩት ወደ 800 ዲግሪ ያግሉት፤ ማግኔት መያዙን ሲተው ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ 50 ዲግሪ በሞቀ ዘይት ይንከሩት። ውሃ አይሞከርም፤ ቀጭኑ ጠርዝ ከጥምዙ ገባ ካለው ወገን ይሰነጠቃል። ሽሉ ዘይት ውስጥ አይግባ። ወዲያውም በ200 ዲግሪ ምድጃ ለአንድ ሰዓት፣ ቀዝቅዞ እንደገና ለአንድ ሰዓት ይለዝብ።

ጥያቄ፦ ሠርቼ ጨርሼ በፌሪክ ክሎራይድ ነከርኩት። ፓሞሩ ደብዝዞ ወጣ፤ በሳምንቱም ዛገ። በጃቫ በአርሴኒክ ነው የሚሠሩት ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሱን ልሞክር? — ከሜሪላንድ

መልስ፦ አርሴኒኩን ይተዉት። በጃቫ ዋራንጋን የሚባለው ውህድ አርሴኒክ ካለበት ማዕድንና ከሎሚ ጭማቂ ይዘጋጃል፤ ብረቱን ያጠቁራል፣ ኒኬሉ ብርማ እንደሆነ ይቀራል። ውበቱ አይካድም፤ ነገር ግን መርዝ ነው፤ ጃቫ ውስጥም የሚሠሩት የለመዱ ሰዎች ናቸው። ለቅጂ ፌሪክ ክሎራይድ በቂ ነው።

የደበዘዘው ምናልባት ፈሳሹ ስለበረታ ነው። 40 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ ለአራት እጅ ውሃ ያድርጉ። ስለቱ እስከ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፈግፈግ፤ ቀጥሎ በሳሙናና በአሴቶን ይታጠብ፣ ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ አይነካ። የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ሳይጠቁር ይቀራል። 10 ደቂቃ ይንከሩ፣ ያውጡ፣ ጥቁሩን ጭቃ በለስላሳ ስፖንጅ ያንሡ፣ ይመልሱ። ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። አንድ ሰዓት ሙሉ ረስተውት ከሆነ ብረቱ ጠልቆ ተበልቷል፤ የኒኬሉም ጠርዝ ሸርፏል፤ መልሶ ከመፈግፈግ ሌላ መላ የለውም።

ዝገቱ የመጣው አሲዱ ስላልተገደለ ነው። ስለቱ ሲወጣ ወዲያው ቤኪንግ ሶዳ በበዛበት ውሃ ለ10 ደቂቃ ይቀመጥ። ከዚያ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት፤ በሙቀቱ ራሱ ይደርቃል። ወዲያው ዘይት ይቀባ። ከጎንጆው ሥር አሲድ ይደበቃል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተለያይተው ይነከሩ። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን። የነሐስ ቀለበት (ሜንዳክ) አብሮ ከገባ መዳቡ ብረቱ ላይ ቀይ ሆኖ ይለጠፋል። ያገለገለው ፈሳሽ በቧንቧ አይደፋም፤ በአካባቢዎ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበሉበት ይወሰዳል።

ቀለል ላለ ዝገት የጃቫዎቹ የቤት ዘዴ ይሠራል፦ ስለቱን የኮኮናት ውሃ ውስጥ ያሳድሩ፣ በሎሚ ጭማቂ በጥርስ ብሩሽ ያጥቡ፣ በደንብ ያለቅልቁና ያድርቁ። ሎሚው ፓሞሩን ያፈዝዘዋል እንጂ አያጠቁረውም፤ ስለዚህ ከእሱ በኋላ አጭር ንክር ያስፈልግ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እጀታው ላላ፣ ሰገባውም ያዘ። በኢፖክሲ ላጣብቀው? ለሰገባው የትኛው እንጨት ይሻላል? — ከጎንደር

መልስ፦ በፍጹም አያጣብቁት። የክሪስ እጀታ የሚወልቅ ነው፤ ካልወለቀ ስለቱ አይታጠብም፣ አሲድም አይነካም። በጃቫ ሽሉን በጨርቅ ወይም በክር ይጠቀልሉትና እየጠመዘዙ ይገፉታል። የጥጥ ክር በሰም አሽተው ከጫፍ ወደ ሥር በአንድ አቅጣጫ ይጠምጥሙ፤ እጀታውም ሲገባ በዚያው አቅጣጫ ይዙር። በተቃራኒው ከዞረ ክሩ ይፈታል። ከላላ ሁለት ዙር መጨመር ነው። እጀታው ወደ ስለቱ ሰፊ ወገን ትንሽ ይጎብጥ፤ በሽጉጥ አያያዝ መዳፍ ውስጥ መግባት አለበት።

ስለ ሰገባው። የላዩ ሰፊ ክፍል ሁለት ዓይነት መልክ አለው። ላድራንግ የሚባለው እንደ ጀልባ ሾል ያለና ለሥነ ሥርዓት የሚለበስ ነው፤ ጋያማን ክብብ ያለና ለዘወትር የሚሆን ነው። በልብ ወለድ ውስጥ የሚዋጋ ጀግና ላድራንግ ታጥቆ ከተሣለ ሠዓሊው አላሰበበትም፤ የሾለው ጫፍ በትግል ይሰበራል። በጃቫ የሚወደደው እንጨት ጥቁር ጥለት ያለው ቲሞሆና ሰንደል ነው። እዚህ ዋንዛ ለመቅረጽ ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል። ወይራ ከባድ ነው፣ ለእጀታ እንጂ ለሰገባ አንመክረውም። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ አሲዳም ጭማቂው ብረቱን ያጠቁረዋል። ጥድ ሙጫው ስለት ላይ ይለጠፋል።

ሰገባው የሚይዝበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የእንጨቱ እርጥበት ነው። ስለቱን በጠመኔ ቀብተው ያስገቡ፣ ያውጡ፤ ነጭ የሆነውን ቦታ ብቻ በቀጭን መሮ ይፋቁ። ስለቱ ሰገባው ውስጥ በጠርዙ መቀመጥ የለበትም፤ የሚያዘው በጎንጆው ነው። ሌላው ሁሉ ከእንጨቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ።

ስለትና ሰገባ መጋጠማቸው ለጃቫ ሰው ከዕቃነት ያለፈ ነገር ነው። «ክሪሱ ወደ ሰገባው ይገባል፣ ሰገባውም ወደ ክሪሱ ይገባል» የሚሉት አባባል የአገልጋይንና የጌታን፣ የሰውንና የፈጣሪን አንድነት ያመለክታል። የማይገጥም ሰገባ ያለው ቅጂ ሌላው ሁሉ ቢያምር ይህን አጥቷል።

ጥያቄ፦ ዮግያካርታ ላይ ክሪስ ገዛሁ። ሻጩ 300 ዓመት አልፎታል፣ ከሰማይ ድንጋይ የተሠራ ነው አለኝ። እንዴት አረጋግጣለሁ? — ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ከማሊዮቦሮ መንገድ ድንኳን ከገዙት፣ ወደ ማስታወሻ ዕቃነቱ ያደላል። ፓሞሩን በአጉሊ መነጽር ይዩት። በእውነተኛው ላይ መስመሩ ወደ ጎድጓዳው ሲገባ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ጠርዙ ላይም ይዞራል። በሐሰተኛው ላይ ጎድጓዳው ውስጥ ድንገት ይቆማል ወይም ሁለቱ ፊቶች እንደ መስታወት ምስል አንድ ናቸው፤ ይህ ከላይ ብቻ በአሲድ የተሣለ ነው። ከጠርዙ ጋር ሲሄድ የጠንካራው ብረት ጥቁር መስመር መታየት አለበት። ጎንጆው የተለየ ቁራጭ መሆኑን ይመልከቱ፤ አንድ ላይ የተሠራ ዓይነትም ስላለ በዚህ ብቻ ግን አይፍረዱ። ሽሉ ክብ ሳይሆን ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ወይም በብየዳ የተቀጠለ ከሆነ፣ ጥርጣሬዎ ይጨምር። ዝገትና ጉድጓድ ግን ዕድሜን አይመሰክርም፤ አሲድ በአንድ ቀን ያወጣዋል።

ታዋቂ ክሪስን መለየት እንኳ ቀላል አይደለም። ኔዘርላንድ በማርች 2020 ለኢንዶኔዥያ የመለሰችው፣ የደች ቅኝ ገዢዎችን የተዋጋው የጃቫው ልዑል ዲፖኔጎሮ ክሪስ በላይደን ሙዚየም ነበር። ማንነቱን ለመወሰን ባለሙያዎች የድሮ ሰነዶችን ከስለቱ ጋር ማመሳከር ነበረባቸው፤ ከተመለሰም በኋላ ክርክሩ አልቆመም። ስለዚህ ሰነድ የሌለውን ክሪስ «የእገሌ ነው» የሚል ሻጭ ተረት ነው የሚሸጠው።

አዲስ ክሪስ ግን የሚናቅ አይደለም። ከ1945ቱ ነጻነት ወዲህ የተሠሩት ካማርዲካን የሚል የራሳቸው ስም አላቸው፤ ሰብሳቢዎችም ያከብሯቸዋል። በማዱራ ደሴት ሱመነፕ ውስጥ ያለችው አየንግ ቶንግቶንግ መንደር ዛሬም በሠሪዎቿ ትታወቃለች። በዮግያካርታ አካባቢ ያለችው ባንዩሱሙሩፕ ደግሞ በሰገባና በጌጥ ሥራ ስም ያላት ናት። ቅጂ ማሠራት ለሚፈልግ ከሰማይ ድንጋይ ወሬ ይልቅ እዚያ ያለ ሠሪን «ካማርዲካን ነው» የሚል ደረሰኝ ማጻፉ ይበጃል።

ጥያቄ፦ ከጃካርታ ክሪስ ይዤ ልመለስ ነው። በአውሮፕላን እንዴት ይዤ ልግባ? ለአልባሳት ትርኢትም መታጠቅ እፈልጋለሁ፤ ነውር ይሆን? — ከዱባይ

መልስ፦ በእጅ ሻንጣ አይገባም። በሚጫነው ሻንጣ፣ በሰገባው ታስሮ፣ ጫፉ በወፍራም ካርቶን ተሸፍኖ ይጓዝ። ከመብረርዎ በፊት የአየር መንገዱንና የመድረሻውን ጉምሩክ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የጦር መሣሪያ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። አሮጌ ከሆነ ከኢንዶኔዥያ ለማውጣት የቅርስ ፈቃድ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ አዲስ መሆኑን የሚገልጽ ደረሰኝ ይያዙ።

መታጠቁ ነውር የለውም፤ የጃቫ ሙሽሮች እስከ ዛሬ ይታጠቁታል፣ እጀታው ላይም የጃስሚን አበባ ጉንጉን ይሰቅሉበታል። በማዕከላዊ ጃቫ ልማድ ከጀርባ፣ በመቀነቱ እጥፎች መሀል፣ እጀታው ወደ ቀኝ አዘንብሎ ይገባል። ፊት ለፊት ሆድ ላይ መሻጥ ለጠብ የተዘጋጀ ሰው ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ፊልም ላይ የሚያምረው ያው ነው። ለሰው ሲያሳዩ ክሪሱን ከሰገባው መዝዞ ከማውጣት ይልቅ ሰገባውን ከክሪሱ ላይ ቀስ አድርገው ይሳቡ፤ ጫፉንም ወደ ሰው አያዙሩ። መድረክ ላይ ትግል ካለ ደግሞ የብረት ቅጂ አይጠቀሙ። ሽሉ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በጎን ሲመታ ይቆለመማል ወይም ይሰበራል፣ ስለቱም ወደ ተመልካች ይበራል። ለዚያ ከወፍራም የዋንዛ ጣውላ ተቀርጾ በብርማ ቀለም የተቀባ ይበቃል፤ ጫፉ ግን ድቡልቡል ይሁን።